የፂም ብሩሽ ማስታወሻ፦ "ኤክስትራ" የሚለውን ፈትቼ ሳየው

ጠረጴዛው ላይ ያለው

አራት ብሩሽ። አንደኛው እዚህ ድሬዳዋ ካለው ታይዋን ገበያ የገዛሁት ነው። እጀታው ጥቁር ፕላስቲክ ሆኖ በወርቃማ ቀለም "ኤክስትራ" ተጽፎበታል፤ 180 ብር። ሁለተኛው ፀጉሩ መሃል ላይ ጥቁር ቀለበት አለው፤ 350 ብር። ሻጩ "ባጀር ነው" ብሎኛል፤ ባጀር ፀጉሩ ለውድ የፂም ብሩሽ የሚውል አውሬ ነው። ሦስተኛው ዘመድ ከጣሊያን ያመጣልኝ ኦሜጋ ነው። ኩባንያው ከ1931 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቦሎኛ ላይ ብሩሽ ይሠራል። አራተኛው የፂም ብሩሽ እንኳ አይደለም። ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የመጣ ባለ 4 ኢንች የቀለም ብሩሽ ነው፤ 260 ብር። ለምን እንደገዛሁት ወደ ታች ይመጣል።

ጥያቄዬ ቀላል ነው። ሁሉም የአሳማ ፀጉር ከሆነ አንዱ ፊት የሚቧጥጠው፣ ሌላው የሚለሰልሰው ለምንድነው? ዕቃው ላይ የሚጻፈው ደረጃስ የትኛውን ነው የሚለካው?

መሣሪያ፦ ወረንጦ፣ ካሊፐር (የውፍረትና የርዝመት መለኪያ)፣ የሰዓት ሠሪ ማጉያ መነፅር፣ ጥቁር ጨርቅ፣ ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ ማበጠሪያ፣ የብረት መጋዝ፣ ምላጭ፣ ክብሪት።

ክብሪት

መጀመሪያ ፀጉር መሆኑን ማረጋገጥ። ከእያንዳንዱ ጥቂት ፍሬ ነቅዬ አቃጠልኩ። ናይለን ይቀልጣል፣ ጫፉ ላይ ጠንካራ ጠብታ ይቀራል። እውነተኛ ፀጉር ይኮማተራል፣ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል፣ አመዱ በጣት ሲነካ ይደቃል።

ኦሜጋውና የቀለም ብሩሹ ንፁህ ፀጉር ናቸው። "ኤክስትራው" ድብልቅ ሆኖ ተገኘ፤ አንዱ ፍሬ አመድ፣ ቀጣዩ ጠብታ። "ባጀሩ" ፀጉር ነው፣ ግን ጥጥ በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ነክሬ ሳሸው ጥቁሩ ቀለበት ጥጡ ላይ ወጣ። ቀለም የተቀባ አሳማ ነው። ይህ ማጭበርበር ብቻ አይደለም፤ የታወቁ ፋብሪካዎችም በግልጽ እየጻፉ እንዲህ ቀለበት የሚቀቡት የአሳማ ብሩሽ አላቸው። የኔው ሻጭ ግን አልጻፈም፣ አልተናገረምም።

ናይለን ወደ ጥርስ ብሩሽ የገባው በ1938 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የፋብሪካ የጥርስ ብሩሽ በአብዛኛው የአሳማ ፀጉር ነበር። እኛ መፋቂያ ስለነበረን ተርፈናል።

መፍታት

የ180 ብሩን በመጋዝ ከፈልኩት። እጀታው ውስጥ ክብደት እንዲኖረው ጄሶ ተሞልቷል። ፀጉሩ ከሥሩ በሙጫ ድፍን ብሎ ተያይዟል። የፈላ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት፣ ሙጫው ንቅንቅ አላለም። ፀጉሩ ግን ተንጨባረረ። ስለዚህ ከሙጫው በላይ በምላጭ ቆረጥኩት። ሥሩ ይጠፋል፤ የምፈልገው ጫፉን ስለሆነ አይጎዳም። ባለቀለበቱንም እንዲሁ።

ኦሜጋውን አልፈታሁም፣ እጄ እምቢ አለኝ። አዲስ ብሩሽ መጀመሪያ ሲታጠብ ጥቂት ፍሬ ያራግፋል። እሱን ለቅሜ ለማጉያው አስቀመጥኩ።

ጫፍ

ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው። የአሳማ ፀጉር ከሥሩ ወፍራም ነው። ወደ ላይ እየቀጠነ ይሄዳል። ጫፉ ላይ ደግሞ ይሰነጠቃል። በማጉያው አንዱ ፍሬ ሁለት ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ስስ ክር ሆኖ ይታያል፤ ልክ ጫፉ ላይ ያለው ፕላስቲክ እንደወለቀ የጫማ ማሰሪያ። ፊት የሚነካው ይህ ነው። ሳሙናና ውሃ አንድ ላይ ይዞ አረፋ የሚያወጣውም ይህ ነው። አንድ ፀጉር ያለው አንድ የተሰነጠቀ ጫፍ ብቻ ነው። እሱ ከተቆረጠ የቀረው ደረቅ ግንድ ነው።

"ኤክስትራው" ላይ የተሰነጠቀ ጫፍ ፈልጌ አጣሁ። ሁሉም በመቀስ የተቆረጠ ደፍጣጣ ነው።

ምክንያቱ አሠራሩ ነው። የብሩሹ አናት ክብ ብሎ እንዲያምር ሁለት መንገድ አለ። ጥሩው መንገድ ፀጉሩን ጫፉን ወደ ታች አድርጎ ጎድጓዳ ቅርፅ ውስጥ መክተት ነው። እየተንኳኳ ጫፎቹ ራሳቸው ጎድጓዳውን ይከተላሉ። ከዚያ ከሥሩ ይታሰራል፤ የሚስተካከለውና የሚቆረጠውም በሥሩ በኩል ነው። ርካሹ መንገድ መጀመሪያ አስሮ አናቱን እንደ አጥር ዛፍ መከርከም ነው። ከሩቅ ሁለቱም አንድ ይመስላሉ። እንዲያውም የተከረከመው ይበልጥ ያምራል።

ሱቅ ውስጥ ማጉያ ይዞ መቆም አይቻልም፣ ሻጩ ይሰለቻል። እኔ አሁን የማደርገው ብሩሹን ወደ ብርሃን አንስቼ በጎን ማየት ነው። ጫፉ ያልተነካ ብሩሽ ዙሪያው ብዥ ይላል። የተከረከመው ጠርዙ ጥርት ያለ መስመር ነው። መዳፍ ላይ መጫንም ይረዳል፣ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ደረቅ የአሳማ ብሩሽ ጥሩውም ቢሆን ሻከር ይላል።

ርዝመት፣ ነጋዴዎቹ ደረጃ የሚሉት

በፀጉሩ ንግድ ውስጥ መለኪያው "ቶፕስ" ይባላል። እስሩ ውስጥ ካለው ፀጉር ከመቶ ስንቱ ሙሉ ርዝመት እንዳለው ይናገራል። 57 ሚሊሜትር ባለ 90 ከመቶ ቶፕስ ከተባለ ከ100 ፍሬ 90ው ያንን ርዝመት ይይዛል፣ ቀሪው አጭር ነው። ባለ 75 አለ፣ ባለ 60 አለ፣ ከዚያም በታች አለ። አጭሩ ፀጉር ከሥር ተደብቆ ብሩሹን ያወፍረዋል፣ ጫፉ ግን ፊት ጋ አይደርስም። ስለዚህ ሁለት ብሩሽ በእጅ ሲያዙ እኩል ወፍራም ሆነው አንዱ አናቱ ላይ ሳሳ ሊል ይችላል። "ኤክስትራ"፣ "ሱፐር"፣ "ቤስት" የሚሉት ቃላት ግን እያንዳንዱ ፋብሪካ ለራሱ የሚሰጣቸው ናቸው፤ ሁሉንም የሚያስማማ አንድ መለኪያ የላቸውም።

ፀጉሩ በብዛት የሚመጣው ከቻይና ነው፤ የቾንግቺንግ ጥቁር ፀጉር የታወቀ ነው። ረጅሙና ጠንካራው ከአሳማው ጀርባ ላይ የሚገኘው ነው፣ የሆዱ አጭርና ለስላሳ ነው። ታጥቦ፣ ሱፍ የሚመስለው የውስጥ ፀጉር ተበጥሮ ወጥቶ፣ እየታሰረ ይቀቀላል። መቀቀሉ ያጸዳዋል፣ ቀጥ እንዲልም ያደርገዋል። ከዚያ በርዝመት ይለያል።

የቀለም ብሩሹን የገዛሁት ለዚህ ነው። ነጭ የአሳማ ፀጉር ነው፣ ከዚያው ንግድ የመጣ ነው፣ ዋጋው ደግሞ ከጥሩ የፂም ብሩሽ ጋር አይወዳደርም። የብረት ቀበቶውን ፈልቅቄ፣ ፀጉሩን ከሙጫው ቆርጬ ጥቁሩ ጨርቅ ላይ ዘረጋሁት። ጫፉን በማጉያው ሳየው አብዛኛው የተሰነጠቀና ያልተነካ ነው። ለግድግዳ የተሠራው ለፊት ከተሠራው በለጠ።

መለየቱ ላይ ችግሩ ቬንትሌተር ነው። ድሬ ነው፣ ከሰዓት ላይ ያለ ቬንትሌተር መቀመጥ አይቻልም። በቬንትሌተር ደግሞ የለየሁት ፀጉር ሁሉ ምንጣፉ ላይ ነው። አጠፋሁትና በላብ ሠራሁ። በኋላ ሥራውን ወደ ማለዳ አዞርኩት።

ሌላው ነገር አቅጣጫ ነው። አንዳንዱ ፍሬ ተገልብጦ ሥሩ ወደ ላይ ሆኗል። አንድ የተገለበጠ ፍሬ እንኳ ጉንጭ ላይ እንደ እሾህ ይሰማል። መለያው ቀላል ነው። ፍሬውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ይዞ ወዲያ ወዲህ ማሸት። የፀጉሩ ቅርፊት ወደ ጫፉ የተነጠፈ ስለሆነ ፀጉሩ ሁልጊዜ ወደ ሥሩ አቅጣጫ እየተሳበ ይሄዳል። በዓይን የማይለየው በጣት ይለያል። በሰው ፀጉርም ይሠራል፣ ሞክሩት።

ከቀለም ብሩሹ 100 ፍሬ ቆጠርኩ። 64 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሆነው 71 ነው። ባለቀለበቱ ከ100 ፍሬ 58 ወጣ። "ኤክስትራው" ደግሞ አስቂኝ ነው፦ ሁሉም እኩል ነው፤ መቀሱ እኩል አድርጎታል። በርዝመት ብቻ ቢሆን አንደኛ የሚወጣው እሱ ነበር። ስለዚህ ቶፕስ ብቻውን ምንም አይናገርም። ጫፉ ሙሉ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው ቁጥሩ ትርጉም የሚኖረው።

እጀታ

ከምድር ባቡር የድሮ ወርክሾፕ ጡረታ የወጣ የቶርኖ ባለሙያ ጋ ሄድኩ። ከአባቴ ይበልጣል፣ ግን ድሬ ነውና "አንተ" ነው የምለው፤ "አንቱ" ብለው ይስቅብኛል። የደረቀ ወይራ ሰጠሁት፣ ሥዕሉን አሳየሁት።

"አቦ ይሄ ምንድነው፣ የቼዝ ንጉሥ ነው?"

"የፂም ብሩሽ እጀታ ነው።"

"ለፂም ነው ይሄ ሁሉ?" አለና ሥራውን ጀመረ። ወገቡን ከሥዕሉ ይልቅ አጠበበው፣ "እጅህ ሳሙና ሲሆን ያንሸራትትሃል" ብሎ። ልክ ነበር። ከላይ 26 ሚሊሜትር ስፋት፣ 14 ሚሊሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ አወጣ። 400 ብር። ብርጭቆ ወረቀትና የተልባ ዘይት ከኔ።

ማሰርና ማጣበቅ

ቅርፅ ማውጫው ሲኒ ነው። የሲኒ ውስጡ ከታች ክብ ነው፣ የምፈልገው ጎድጓዳም እሱ ነው። ከውሃ ቧንቧ 24 ሚሊሜትር የውስጥ ስፋት ያለው ቀለበት ቆረጥኩ። ፀጉሩን ቀለበቱ ውስጥ ሞላሁ፣ ጫፉን ወደ ታች አድርጌ ሲኒው ውስጥ አቆምኩት፣ ጠረጴዛውን እያንኳኳሁ ጫፎቹ ወርደው ተቀመጡ። ሥሩን ጫማ ሠሪዎች በሚጠቀሙበት ሰም በተቀባ ክር አጥብቄ አሰርኩ።

ሙጫው ባለ ሁለት ቱቦ ኢፖክሲ ነው። የመጀመሪያው እስር ተበላሸ። ሙጫው ገና ቀጭን ሳለ ፀጉሩን ነከርኩት፣ በፍሬዎቹ መሃል ወደ ላይ ተሳበ፣ ሲደርቅ የብሩሹ ግማሽ እንጨት ሆነ። ጣልኩት። በሁለተኛው ሙጫውን ቀላቅዬ ጥቂት ጠበቅኩ፤ ወፈር ሲል ሥሩን ብቻ ነካ ነካ አደረግኩ። እዚህ ላይ ሙቀቱ ይገባል። ካርቶኑ በ5 ደቂቃ ይደርቃል ይላል፤ ድሬ ቀትር ላይ ያን ያህል አይጠብቅም፣ እጄ ላይ ጠጠር ሆነብኝ። ኢፖክሲ ሙቀት ያፋጥነዋል። አሁን የምጠቀመው ቀስ ብሎ የሚደርቀውን ዓይነት ነው፣ እሱንም ፀሐይ ሳትወጣ።

ፀጉሩ 64፣ ጉድጓዱ 14፤ ከእጀታው በላይ የሚታየው 50 ሚሊሜትር ሆነ። ይህ ለአሳማ ብሩሽ አጭር ነው፤ የፋብሪካዎቹ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይረዝማል። ባጠረ ቁጥር ይገትራል። ይህን በኋላ ፊቴ ላይ አየሁት።

ውሃ

የአሳማ ፀጉር ውሃ ይጠጣል። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ 5 ደቂቃ ያህል ሲቆይ ግንዱ ራሱ ይለሰልሳል። ደረቁን ብሩሽ ወስዶ ሳሙና ላይ ማሸት ብሩሹንም ፊትንም መቅጣት ነው። የአዲሱ ብሩሽ ሽታ የእርጥብ እንስሳ ነው። በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ አጠብኩት፣ ቀነሰ። ከዚያ በሳሙና አረፋ ሞልቼ አሳድሬ ጠዋት አለቀለቅኩት፣ ደጋገምኩት። ሽታው በዚህ ጠፋ። እናቴ ግን ምንነቱን ከሰማች ጀምሮ "ይሄን ነገር ከመታጠቢያዬ አውጣልኝ" ብላለች፤ ቦታው ግቢ ቧንቧ አጠገብ ሆኗል።

አረፋው መጀመሪያ አልያዘም። አረፋ ይመስልና ፊት ላይ ሳይደርስ ይሞታል፣ ሳህኑ ላይ ግራጫ ቆሻሻ ይቀራል። ብሩሹን ጠረጠርኩ። ጥፋቱ የውሃው ነው። የድሬን ውሃ የማያውቅ የማንቆርቆሪያችንን ውስጥ ይይ፤ ነጭ ቅርፊቱ በቢላ ይፋቃል። ውሃው ውስጥ ያለው ካልሲየም ከሳሙናው ጋር ተያይዞ ያንን ግራጫ ነገር ይሠራል፣ ለአረፋ የሚቀረው ሳሙና ያንሳል። መፍትሔው ቤት ውስጥ አለ። ውሃውን ማፍላት፣ ማስቀመጥ፣ ከላይ ከላይ መቅዳት። ሲፈላ የካልሲየሙ አንድ ክፍል ቅርፊት ሆኖ ይወርዳል። በዚህ ውሃ ያው ብሩሽ፣ ያው ሳሙና፣ ሌላ አረፋ።

ብሩሹ ሥር የተጠራቀመውን ግራጫ ለማስለቀቅ አንድ ማንኪያ አቼቶ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ። ነከር አድርጎ ቶሎ ማለቅለቅ። ሎሚም ይሆናል።

ፊት ላይ

የኔው ብሩሽ ጉንጭ ላይ ጥሩ ነው። ጠንካራ ፂም ሥር ይገባል፣ ፀጉሩን ያቆማል። አንገት ላይ ግን ያቀላል። ጫፉ ሙሉ ነው፣ ርዝመቱ አይከፋም፣ ታዲያ ለምን? በካሊፐር የፍሬውን ውፍረት ከኦሜጋው ፍሬ ጋር አስተያየሁ። የቀለም ብሩሹ ይወፍራል። ቀለም መግፋት ስላለበት ጠንካራው ፀጉር ነው የተመረጠለት። እኔ ደግሞ አሳጥሬ ተክዬው ግትርነቱን ጨመርኩበት። ስለዚህ ሦስተኛ መለኪያ አለ፣ ውፍረት። እሱን ካርቶን ላይ የሚጽፍ አላየሁም።

ከሳምንታት በኋላ ለውጥ አለ። በማጉያው ጫፎቹ ከመጀመሪያው ይበልጥ ተሰነጣጥቀዋል። የአሳማ ብሩሽ ሲሠራበት ነው የሚለሰልሰው፤ ኦሜጋውም እንደዚያው ሆነ፣ ከኔው ፈጥኖ። ባለቀለበቱ እየላላ፣ ቀለሙም እየለቀቀ ነው።

ፀጉር ቤት

መጋላ ሰፈር ያለው ጓደኛዬ ፀጉር ቤት አለው። የኔን ብሩሽ አይቶ ወደደው፣ "ሁለት ሥራልኝ" አለ። የምን ፀጉር እንደሆነ ነገርኩት። መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ደንበኛው በአብዛኛው ሙስሊም ነው፣ አሳማ ለሱ ነጃሳ ነው። ክርስቲያኑም ቢሆን ሳይጠየቅ ፊቱ ላይ ቢደረግበት የሚወድ ጥቂት ነው። ቀጥሎ መሳቢያውን ከፍቶ ሲሠራበት የከረመውን ብሩሽ አወጣ። "ፒዩር ብሪስል" ይላል። ዝም ብለን ተያየን። አንድ ፍሬ በማጉያው አየሁለት። የአሳማ ነው።

ዕቃው ላይ "ብሪስል" ወይም በጣሊያንኛ "ሴቶላ" ከተባለ፣ "ሲንቴቲክ" ካልተጨመረበት፣ አሳማ ነው ብሎ መጀመር ነው። ማሌዥያ ይህን በሕግ ይዛዋለች። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአሳማ አካል የተሠራ ዕቃ በግልጽ ይጻፍበት የሚል ደንብ አላት። በ2017 ተቆጣጣሪዎቹ ይህ ያልተጻፈባቸውን ከሁለት ሺህ በላይ የቀለም ብሩሾች ከሱቆች ሰብስበዋል። እዚህ ግን ጠያቂው ራስህ ነህ።

"የፈረስስ?" አለ። ጋሪ ፈረስ ሞልቷል፣ ጭራው ይቆረጣል። እዚህ ላይ ራሴ እምቢ አልኩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዝና አሜሪካ ውስጥ ሰዎች በፂም ብሩሽ ምክንያት በአባ ሰንጋ ታመው ነበር፤ ወታደሮችም ነበሩባቸው። ምንጩ በደንብ ያልጸዳ የፈረስ ፀጉር ነበር። እንግሊዝ በ1920 እ.ኤ.አ. የጃፓን የፂም ብሩሽ እንዳይገባ ከልክላለች። የአባ ሰንጋ ዘር ፀጉር ላይ ዓመታት ይቆያል፣ ምላጭ ደግሞ ቆዳ ይከፍትለታል። በሽታው አገራችን ውስጥ ከብት ላይ አለ። ግቢ ውስጥ በብረት ድስት ቀቅዬ "ጸድቷል" ብዬ ለሰው ፊት አልሰጥም።

አሳማውን ብሩሽ ለፀጉር ቤት የሚያስጠላው ሌላም ምክንያት አለ። ጓደኛዬ ዕቃውን በበረኪና ነው የሚያጸዳው። የተረፈኝን ፀጉር በረኪና ውስጥ አስገብቼ አሳየሁት። መጀመሪያ ይላላል፣ ከዚያ ያሙለጨልጫል፣ በመጨረሻ ይሟሟል። ፀጉር የሆነ ሁሉ እንዲህ ነው።

ስለዚህ ለሱ ሁለት የሲንቴቲክ እስር አስመጣንለት፣ እያንዳንዱ 450 ብር። የቶርኖው ባለሙያ ሁለት እጀታ ቀረጸ። ሲንቴቲክ መዘፍዘፍ አይፈልግም፣ ቶሎ ይደርቃል፣ በደንበኛና በደንበኛ መሃል በአልኮል ማጽዳት ይቻላል። ሽታ የለውም። ጉንጭ ላይ እንደ አሳማው አይፈትግም፣ ይህ ለኔ ጉድለት ነው፤ ለሱ ደንበኞች አይደለም።

ወጪ እስካሁን

ብሩሾች (ኦሜጋው ስጦታ ነው)፦ 790 ብር። የኔ እጀታ 400። ኢፖክሲ፣ የተበላሸውን ጨምሮ፣ 380። ብርጭቆ ወረቀት፣ የተልባ ዘይትና ክር 210። ድምር 1,780 ብር። የፀጉር ቤቱ ሁለት ብሩሽ ለብቻ ነው፤ እስሩ 900፣ እጀታው 800፣ ጓደኛዬ ከፍሏል።

በዚህ ዋጋ ጥሩ ብሩሽ ገዝቼ እገላገል ነበር፣ አውቃለሁ።

ቀጥሎ

ሁለተኛ የቀለም ብሩሽ፣ ይህን ጊዜ ባለ ጥቁር ፀጉር፣ ፍሬው ቀጠን ያለ። ሱቅ ውስጥ ከጥቅሉ አውጥቼ ወደ መስኮቱ አንስቼ ነው የምመርጠው። ጉድጓዱን ወደ 10 ሚሊሜትር አሳንሼ ከላይ ያለውን 54 አደርገዋለሁ። ከልየታው የተረፈው አጭር ፀጉር በካርቶን ተቀምጧል። ለፊት አይሆንም፣ ለጫማ ብሩሽ ግን ልክ ነው፤ ከዚራ ሰፈር ያለው ሊስትሮ ጣውላውን ቀዳድቶ ሊያመጣልኝ ተስማምተናል።